ፈረስም በጨረር ይታከማል? ስለ ፈረስ የቆዳ ዕጢ ማወቅ ያለብን

ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወሩ አጫጭር ቪዲዮዎች አሉ። ግዙፍ የፈረንጅ ፈረስ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት ራሱን ዘንበል አድርጎ ቆሟል። ዓይኑ ዙሪያ ቀጫጭን ቱቦዎች ተሰክተዋል። ሐኪሞቹ ክፍሉን ለቀው ይወጡና በሩን ይዘጋሉ። ፈረሱ ለቆዳ ዕጢ የጨረር ሕክምና እየወሰደ ነው።

ኮምቦልቻ ጋሪዎች በሚቆሙበት አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ወሬው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ "ሰው ወረፋ አጥቶ ፈረስ ጨረር ይወስዳል?" ብሎ ይገረማል። ሌላው ዝም ይላል። የራሱ ፈረስ ደረት ላይ ያለችው እባጭ ትዝ ብላው ነው። ይህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመው ሁለተኛውን ነው። ለመጀመሪያውም መልስ አለው፤ ወደ ታች ይመጣል።

የፈረስ ቆዳ ላይ የሚወጣው ዕጢ ምንድን ነው?

ዕጢ ማለት የሰውነት ሕዋሳት ከልክ በላይ ተባዝተው የሚፈጥሩት ክምችት ነው። ሁሉም ዕጢ ካንሰር አይደለም። ካንሰር የሚባለው አጠገቡ ያለውን ሥጋ እየበላ የሚሄደው፣ ሲብስም በደም ተጉዞ ሌላ ቦታ የሚያቆጠቁጠው ነው። ከፈረስ የቆዳ ዕጢዎች ውስጥ ሦስቱን ማወቅ ለብዙው ሰው ይበቃል።

የመጀመሪያው ሳርኮይድ ይባላል። በዓለም ላይ ፈረስን በብዛት የሚይዘው የቆዳ ዕጢ እሱ ነው። አህያንም በቅሎንም አይምርም። መልኩ ብዙ ስለሆነ ሰው ያታልላል። አንዳንዱ ፀጉሩ የረገፈ ሻካራ ክብ ነገር ነው፤ ጭርት ነው ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዱ ቁርጥ ኪንታሮት ነው። አንዳንዱ ከቆዳ ሥር በጣት ሲነካ ወዲያ ወዲህ የሚል ጓጉላ ነው። አስቸጋሪው ደግሞ ቀይ፣ ትንሽ ሲነካ የሚደማ፣ ዝንብ የማይለየው ጥሬ ሥጋ ነው። ብብት ሥር፣ ደረት ላይ፣ ጆሮ ሥር፣ ዓይን ዙሪያና ብልት አካባቢ ይወዳል።

የሳርኮይድ መነሻ የከብት ኪንታሮት ቫይረስ ነው። ላም ወይም ጥጃ ላይ ሲሆን ኪንታሮት ያወጣል፤ በወራት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይረግፋል። ያው ቫይረስ ፈረስ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ሕዋሳቱን እንዲባዙ ይገፋፋቸዋል፣ እነሱም ማቆሚያ ያጣሉ። ቫይረሱ ወደ ፈረሱ የሚደርሰው በዝንብና በጋራ በሚያዙ ዕቃዎች እንደሆነ ይታሰባል። ቁስል ካገኘ መግቢያው ተከፈተለት ማለት ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በዚህ በኩል አብሽሩ።

ሳርኮይድ ሳንባና ጉበት ላይ አይዘራም። ፈረሱን በቀጥታ አይገድለውም። ግን ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ደረቱ ላይ ካወጣው ማሰሪያው በየቀኑ ይፈትገዋል፣ ይደማል፣ ይገማል፣ ባለጋሪው በመጨረሻ ከሥራ ያወጣዋል። ከሥራ የወጣ የጋሪ ፈረስ ዕጣው የታወቀ ነው። ከከተማ ዳር ይለቀቃል፣ ማታ ደግሞ ጅብ አለ።

ሁለተኛው ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው ነው። ይህ እውነተኛ ካንሰር ነው። ፀሐይ ከመነሻዎቹ አንዱ ናት፤ በተለይ ቆዳው ሮዝ የሆነ፣ ቀለም የሌለው ቦታ ላይ። የዓይን ቆብ፣ የአፍንጫ ጫፍና ብልት ዋነኛ ቦታዎቹ ናቸው። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርድ ስላለ ፀሐይ የለችም ማለት አይደለም። ፊቱ ላይ ሰፊ ነጭ ምልክት ያለው ፈረስ የያዘ ሰው ዓይኑን አዘውትሮ ቢያይለት ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ሜላኖማ ነው። ጠቁሮ ተወልዶ እያደር የሚነጣው ፈረስ በሽታ ነው። እንዲህ ዓይነት ፈረሶች ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ሲያልፍ 80 በመቶ ያህሉ ላይ ይታያል። ጭራውን ቀና ሲያደርጉት ከሥሩ ጥቋቁር፣ ጠጣር እብጠቶች ይታያሉ። ብዙዎቹ ለዓመታት ቀስ እያሉ ነው የሚያድጉት። ለሜላኖማ ጨረር ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ምርጫ ስላልሆነ እዚህ ላይ እንለፈው።

እብጠት ሁሉ ዕጢ ነው?

አይደለም። የእኛ አገር ፈረስ ላይ ሲሆን ደግሞ ይህ ጥያቄ ከጨረሩ በፊት መምጣት አለበት።

በአገራችን የጋሪ ፈረስን ከሥራ ከሚያወጡ የቆዳ በሽታዎች ዋነኛው ዕጢ ሳይሆን ፈንገስ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይትስ ይሉታል። እግር ላይ ወይም አንገት ላይ እብጠቶች መስመር ይዘው ይደረደራሉ፣ ከዚያ እየፈነዱ መግል ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶችን አይቶ ወደ 19 በመቶ የሚሆኑት ላይ ይህንኑ በሽታ አግኝቷል። በአማካይ ከአምስት ፈረስ አንድ ማለት ነው። በሽታው ሞቅ ያለና እርጥበት ያለው አየር ይወዳል። ስለዚህ ከደሴ ብርድ ይልቅ ከሐረጎ ቁልቁል ወርደው የሚያገኙት የኮምቦልቻ አየር ይስማማዋል።

ሌሎችም አሉ። የእግር ቁስል ሲድን ሥጋው አልቆም ብሎ ከቆዳው በላይ ያድጋል፤ ሳርኮይድ ይመስላል ግን አይደለም። ዝንብ ቁስል ላይ የምታራግፈው የትል እጭ የሚያመጣው የማይድን የሚመስል ቁስል አለ። ገጣባ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፤ ኮርቻና ጭነት የሚያመጣው የጀርባ ቁስል ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ሳርኮይድ ራሱ ቁስል ላይ መነሳት መውደዱ ነው። አልድን ያለ ገጣባ ሁሉ ገጣባ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ለፈንገስ የዕጢ ሕክምና ቢሰጡት ገንዘብም ጊዜም ባከነ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሐኪም ቀድሞ መለየት ያለበት። ከመግሉ ጥቂት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ፈንገሱን ያጋልጠዋል። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አላት፤ ደሴ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። ስለዚህ ለመለየት አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ ነገር የለም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሳርኮይድ የተጠረጠረ ነገር ላይ እንደ ዘበት ቢላ አይሰነዘርም። ተኝቶ የነበረው ሳርኮይድ በከፊል ሲቆረጥ ወይም ሲቧጠጥ ተናዶ የሚያድግበት ጊዜ ብዙ ነው። ልምድ ያለው ሐኪም አንዳንዴ ናሙና ሳይወስድ አይቶ፣ ዳስሶ፣ ታሪኩን ጠይቆ ይወስናል። ይህን ያደረገ ሐኪም ሰነፍ አይደለም።

ቆርጦ መጣል ለምን አይበቃም?

ሰርዶ የነቀለ ገበሬ ይህን ለማስረዳት ሰው አያስፈልገውም። ከላይ ያለውን ሣር አጭደው ማሳው የጸዳ ይመስላል። ከአፈሩ ሥር ግን ሥሩ ወደ ጎን ሄዷል። ዝናብ ሲጥል አጭደነዋል ካሉበት ቦታ አንድ ክንድ አልፎ ብቅ ይላል።

ሳርኮይድም በዓይን ከሚታየው ጫፉ አልፎ ጤነኛ በሚመስለው ቆዳ ውስጥ ሕዋሳቱን ይሰዳል። ቀዶ ሐኪሙ የሚያየውን ያወጣል፤ የማያየው ይቀራል። በቢላ ብቻ ከወጡ ሳርኮይዶች ግማሽ ያህሉ ተመልሰው ይመጣሉ ይባላል። ቁጥሩ ከጥናት ጥናት ይለያያል። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ከበፊቱ የከፋ የመሆን ልማድ አለው።

መፍትሔው ሰፋ አድርጎ መቁረጥ ነው። ደረት ላይ ይቻላል። ጭን ላይም ይቻላል። የዓይን ቆብ ላይ ግን ከየት ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል? ቆቡ ከሄደ ዓይኑን የሚሸፍነው የለም፤ ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ በመጨረሻ ዓይኑም ይወጣል። ጨረር የፈረስ ሕክምና ውስጥ ቦታ ያገኘው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ሥጋውን ቦታው ላይ ትቶ ውስጡ ያለውን ዕጢ ሊገድል ይችላል።

ጨረር ዕጢውን ምን ያደርገዋል?

ሆስፒታል ሄደን ራጅ ስንነሳ በሰውነታችን የሚያልፈውና ዕጢ የሚገድለው ጨረር ዘመዳሞች ናቸው። ትልቁ ልዩነት መጠኑ ነው። የጨረር ሕክምና መጠን በግሬይ ይለካል። አንድ የደረት ራጅ የግሬይን አንድ አሥር ሺህኛ ያህል ይሰጣል። ለፈረስ የዓይን ዙሪያ ዕጢ ግን በጠቅላላው 60 ግሬይ ገደማ ሊሰጥ ይችላል። በመቶ ሺዎች እጥፍ ማለት ነው። ሰው መላ ሰውነቱ በአንድ ጊዜ 4 ወይም 5 ግሬይ ቢመታ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ የጨረር ሕክምና ጥበቡ ጨረሩን ማግኘት ብቻ አይደለም። እዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ማሳረፍ ነው።

ጨረሩ ሕዋሱ ውስጥ ሲገባ ዘረመሉን ይበጥሰዋል። ዘረመል ሕዋሱ ራሱን ሲያባዛ የሚገለብጠው መመሪያ ነው። መመሪያው የተበጣጠሰበት ሕዋስ ወዲያው አይሞትም። የሚሞተው ለመባዛት ሲሞክር ነው። የዕጢ ሕዋስ ደግሞ ሥራው መባዛት ስለሆነ ይያዛል። አጠገቡ ያለው ጤነኛ ሕዋስም ተጎድቷል፤ ግን ቀስ ብሎ ስለሚባዛ የተበጠሰውን ለመጠገን ጊዜ አለው። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከፋፍሎ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። በመሃል ባለው ዕረፍት ጤነኛው ያገግማል።

ከዚህ አንድ ባለፈረስን ግራ የሚያጋባ ነገር ይመጣል። ጨረር ወስዶ የመጣ ፈረስ ዕጢው በማግስቱ ያው ነው። በሳምንቱም ያው ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ቀልቶ፣ አብጦ፣ ቅርፊት ይዞ የባሰበት ሊመስል ይችላል። መሟሸሽ የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ ሲሆን ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል። "ገንዘቤን በሉኝ" የሚባለው እዚህ ጋ ነው። አልተበላም፣ ጊዜው አልደረሰም።

ፈረስ ላይ እንዴት ይሰጣል?

በሦስት መንገድ ነው።

አንዱ ከውጭ ነው። ለሰው ካንሰር የሚያገለግለው ሊኒየር አክስለሬተር የሚባል ትልቅ ማሽን ጨረሩን ከርቀት አነጣጥሮ ይልካል። ሰው "አትንቀሳቀስ" ሲባል ይተኛል። ፈረስን ማን ይነግረዋል? ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት፣ በማንሻ ተነስቶ፣ አልጋ ላይ መጋደም አለበት። ሕክምናው በተደጋገመ ቁጥር ማደንዘዣውም ይደጋገማል። ችግሩ ሙሉ ማደንዘዣ ለፈረስ ቀላል አለመሆኑ ነው። ከ100 ፈረስ አንድ ያህሉ በማደንዘዣው ምክንያት ወይም ከእሱ ሲነቃ ይሞታል፤ የሆድ ቁርጠት ይዞት የመጣ ፈረስ ከሆነ ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል። ክብደቱ ጋደም ሲል የራሱን ጡንቻ ይጫነዋል። ሲነቃ ደግሞ ደንግጦ ለመነሳት ሲታገል እግሩን ይሰብራል። ለአንድ የጆሮ ሥር እባጭ ይህን ሁሉ አደጋ መጋፈጥ አለብኝ ወይ ብሎ ባለቤቱ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ጨረሩን ዕጢው ውስጥ ማስገባት ነው። ሐኪሞች ብራኪቴራፒ ይሉታል። ቪዲዮው ላይ ያየነው ይህንን ነው። ፈረሱ የሚያደነዝዝ መርፌ ይወስዳል፤ አይወድቅም፣ ቆሞ ነው የሚፈዘው። የዓይኑ አካባቢ ነርቮች በሌላ መርፌ ይደነዝዛሉ። አገጩን ማስደገፊያ ላይ ያሳርፋል። ሐኪሙ ቀጫጭን ቱቦዎችን በዕጢው ውስጥ ወጋ ወጋ አድርጎ ያሳልፋቸዋል፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት እየለካ። ቱቦዎቹ በዚህን ጊዜ ባዶ ናቸው። ከዚያ ሌላኛው ጫፋቸው ከአንድ የታሸገ ሣጥን ጋር ይያያዛል። ሰው ሁሉ ሲወጣ ማሽኑ ርዝመቷ ከ5 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ የኢሪዲየም ቁራጭ ከሣጥኑ በሽቦ እየገፋ በየቱቦው ያስገባታል። ኢሪዲየም 192 ጨረር የሚያመነጭ ብረት ነው። ቁራጯ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ሰከንድ ትቆማለች፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ትንቀሳቀሳለች፣ ደግሞ ትቆማለች። የት ስንት ሰከንድ እንደምትቆም ቀድሞ በኮምፒውተር ተሰልቷል። በደቂቃዎች ያልቃል። ቁራጯ ወደ ሣጥኗ ትመለሳለች፣ ቱቦው ይነቀላል፣ ፈረሱ እያንቀላፋ ወደ በረቱ ይሄዳል።

ይህ ለምን ይሠራል? ርቀት ጨረርን ያዳክማል። ከምንጩ 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው መጠን 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ ሩብ ነው የሚሆነው። 3 ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ዘጠነኛ። ምንጩ ዕጢው መሃል ከተቀመጠ ዕጢው ሙሉውን ይወስዳል፤ ከጀርባው ያለው ይተርፋል።

ሦስተኛው ስትሮንቲየም 90 የሚባል ነገር ጫፉ ላይ ያለው መያዣ ነው። ቆዳው ላይ ለጥቂት ጊዜ ያሳርፉታል፣ ያነሱታል። ጨረሩ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አልፎ ወደ ውስጥ የመጥለቅ አቅም የለውም። ዓይን ላይ ወይም ቆብ ላይ ገና ስስ ለሆነ ዕጢ ፍቱን ነው፤ ለወፈረው አይሆንም። ቀድመው ላዩን በቢላ አንስተው ቀሪውን በዚህ የሚጨርሱም አሉ።

ጨረር የወሰደ ፈረስ ሰው ይጎዳል?

ቤተሰብ በብዛት የሚፈራው ይህንን ነው፣ ለመመለስ ግን ይህ ነው ቀላሉ። በማሽን ከውጭ የተሰጠው ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ አለቀ። በቱቦ የገባው ምንጭ ሲወጣ አለቀ። ፈረሱ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ምንጩ በብረት የታሸገ ስለሆነ ሽንቱም ፋንድያውም ንጹሕ ነው።

ለየት የሚለው በቀድሞው ዘዴ ነው። ኢሪዲየሙ እንደ ሽቦ ተሰክቶ ዕጢው ውስጥ ለቀናት ይተው ነበር። በእነዚያ ቀናት ፈረሱ ለብቻው ይታሠራል፤ መኖ የሚሰጠው ሰው እንኳ ቶሎ ሰጥቶ ይወጣል። ሽቦው ሲነቀል ከሌላ ፈረስ ልዩነት የለውም።

ምን ያህል ያድናል? ምንስ ያበላሻል?

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1995 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የወጣ ጥናት ነው። ዓይናቸው ዙሪያ ዕጢ የያዛቸው 115 ፈረሶች በኢሪዲየም ታክመው ተከታትለዋቸዋል። ሳርኮይድ ከነበረባቸው ውስጥ ከአንድ ዓመት በኋላ ዕጢው ያልተመለሰባቸው 87 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ 74 በመቶ። ካርሲኖማ ከነበረባቸው ደግሞ በዓመቱ 82፣ በአምስት ዓመቱ 64 በመቶ ገደማ። ቢላ ለማይደፈርበት ቦታ ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ግን ከአራት ሳርኮይድ አንዱ በአምስት ዓመት ውስጥ ተመልሷል ማለትም ነው። ሁለቱንም ይዞ ማሰብ ይሻላል።

ጉዳቱ በአብዛኛው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ቆዳው ይቀላል፣ ያዣል፣ ቅርፊት ያወጣል። ፀጉሩ ይረግፋል፣ ተመልሶ ሲበቅል ብዙ ጊዜ ነጭ ነው። ለጋሪ ፈረስ ነጭ ፀጉር ምንም ማለት አይደለም፤ ለውድድር ፈረስ ባለቤት ግን ያሳስበዋል አሉ። ከባዱ ዓይን ላይ የሚደርሰው ነው። የዓይኑ መስተዋት ሊቆስል ይችላል፣ ከጊዜ በኋላም ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ሰው በኬሞቴራፒ ጊዜ እንደሚደርስበት መላ ሰውነትን የሚያዝል ነገር ግን ከዚህ አይጠበቅም።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ይገኛል?

አይገኝም። አዲስ አበባም አይገኝም። በኢትዮጵያ ለእንስሳት የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል የለም።

አሁን የመጀመሪያው ሰውዬ ጥያቄ መጣ። በአገራችን ለሰው የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት ማሽን ነው። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ ማዕከል እሱ ነበር። ከወሎ የሄደ የካንሰር ታማሚ ሳይቀር ወረፋ የሚጠብቀው እዚያው ነበር። ቅርብ ጊዜ እንደ ጅማና ሐረር ያሉ ከተሞች ተጨምረዋል። ሰው እንዲህ በሚጠብቅበት አገር ለፈረስ ማሽን ይገዛ ብሎ የሚከራከር ሰው አላየሁም፤ እኔም አልከራከርም።

ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ኢሪዲየም 192 በ74 ቀን ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በየሦስትና አራት ወሩ አዲስ ምንጭ ከውጭ መምጣት አለበት፤ አሮጌውም በጥንቃቄ ተመልሶ ይሄዳል። ከውጭ የሚልከው ማሽን ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ያለው ክፍል ይጠይቃል። የማይቆራረጥ መብራት ይጠይቃል። መጠኑን የሚያሰላ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ይጠይቃል። ያደጉት አገሮችም ቢሆኑ ፈረስ የሚያክም የጨረር ማዕከል በጣት የሚቆጠር ነው ያላቸው፤ ዋጋውም በሺዎች ዶላር ነው። እንግሊዝ ኒውማርኬት ውስጥ ፈረሶችን በኢሪዲየም ያክም የነበረው የእንስሳት ጤና ተቋም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ገንዘብ አጥሮት ተዘግቷል።

እና እዚህ ምን ይደረጋል?

የሚደረግ አለ። ለባለጋሪው የሚጠቅመው ክፍል ይህ ነው።

ክሊኒክ በር ላይ ሁልጊዜ የሚሰማ ጭውውት አለ። "ዶክተር፣ ብረት አግለን ብንተኩሰውስ?" ይላሉ ባለፈረሱ። "አባባ፣ እሱን ይተዉት፤ ይቆጣል" ይላል ሐኪሙ። "ቁልቋል ቀብተነው ነበር እኮ፣ ትንሽ ደረቅ ብሎ ነበር።" "ከዚያስ?" "ከዚያማ ይኸው፣ እጥፍ ሆነ።" የሐኪሙ ነገር እውነት አለው። መተኮስም ሆነ የሚያቃጥል የዛፍ ወተት ላዩን ያሳርረዋል፣ ከሥር ያለውን አይደርስበትም። የተረፈው ሳርኮይድ ቁስል አገኘ ማለት ነው፤ ዝንብም ተጠራ። ዓይን አጠገብ ሲሆን ደግሞ ቁልቋል ዓይን ያጠፋል።

ኪንታሮትን በፈረስ ጭራ ፀጉር አስሮ መጣል ግን ከእውነት የራቀ አይደለም። አንገቱ ቀጭን የሆነ፣ ተንጠልጣይ ሳርኮይድ ላይ የእንስሳት ሐኪሞችም ጠባብ ላስቲክ ያስሩበታል። ደሙ ይቋረጣል፣ ይደርቃል፣ ይወድቃል። ታቹ ሰፊ ከሆነ ግን አይሠራም፤ እንዲያውም ያስቆጣዋል። ለየትኛው እንደሚሆን የሚለየው የሐኪም እጅ ነው።

በሌላው ዓለም ከጨረር ሌላ የሚጠቀሙባቸው ብዙ ናቸው። በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ አለ። ፍሎሮዩራሲል የሚባል የካንሰር መድኃኒት በቅባት መልክ ይቀባል። ሲስፕላቲን የሚባል ሌላ የካንሰር መድኃኒት በቀጥታ ዕጢው ውስጥ ይወጋል፤ ለሚወጋው ሰውም አደገኛ ስለሆነ ጓንት ለብሶ ነው። አስገራሚው ቢሲጂ ነው። ሕፃናት ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ማለት ነው። ዓይን ዙሪያ ያለ ሳርኮይድ ውስጥ ሲወጋ የፈረሱን የመከላከል አቅም ቀስቅሶ ዕጢውን ያስመታዋል። አህያ ላይ ግን ብርቱ አለርጂ ሊያመጣ ስለሚችል በጥንቃቄ ነው። የሕፃናት ክትባት ከጤና ጣቢያ አስወጥቶ መሞከርን ማለቴ አይደለም፤ ይህ የሐኪም ሥራ ነው።

ከሁሉም በፊት መጠን ወሳኝ ነው። ጥፍር የምታክል ሳርኮይድ በብዙ መንገድ ትታከማለች። ጡጫ ካከለች ጨረር ባለበት አገርም ሐኪም ያስጨንቃል። ማሰሪያው የሚፈትገውን ቦታ በጨርቅ መሸፈን፣ ቁስልን ከዝንብ መጠበቅ፣ የታመመውን ፈረስ ልጓምና ማሰሪያ ለሌላው አለማዋስ ብር አያስወጣም።

ስልክ ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ አለ። እባጩ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም ይዞ ፎቶ ማንሳት፣ በወሩ ደግሞ በዚያው ርቀት መድገም ነው። ሳንቲሙ ያው ሆኖ እባጩ ከሰፋ ፈረሱን ከነፎቶው ይዞ ክሊኒክ መሄድ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው መቼ እንደጀመረ፣ ቀድሞ ቁስል እንደነበረበትና ምን እንደተቀባበት ነው። ቁልቋል ከተቀባም አለመደበቅ ይሻላል።